የበሩ ላይ ስም

ውብነሽ ከገዛ በሯ ላይ የሰው ስም በኩሽና ቢላዋ ትፍቃለች። ወረቀቱ ቶሎ ተላጠ፤ ሙጫው ግን እንደ መዥገር ተጣብቆ አልለቅ ብሏል። ከላይ የእሷ ስም በቤት አከራዩ ፊደል ተጽፎ ደህና ተቀምጧል፤ ከሥሩ የነበረውን ግን ጋሼ አድነው ናቸው በእጃቸው ጽፈው የለጠፉት። እዚህ ስዊድን አገር ስሙ በር ላይ ከሌለ ፖስተኛው የሰውን ደብዳቤ ይዞ ይመለሳል።

ጠዋት ከኪራይ ድጎማው መሥሪያ ቤት አንዲት ሴት ደውላ፣ «ዛሬ ከሰዓት በኋላ ቤትሽ ጎራ ብለን ብናነጋግርሽ ይመችሻል?» አለቻት። ድምፅዋ ለስላሳ ነበር። ውብነሽን ይበልጥ ያስፈራት እሱ ነው፤ ቁጡ ሰው ቢሆን መልስ አታጣለትም። ይመቸኛል ብላ ስልኩን ዘጋች።

ድጎማውን ስታመለክት የምንኖረው እኔና ልጄ ፌበን ብቻ ነን ብላለች። ያኔ እውነቷን ነው። ጋሼ አድነው የመጡት ከዚያ በኋላ፣ በመስቀል ሰሞን፣ ቴንስታ በሚባለው ሰፈር የተከራዩትን ክፍል ባለቤቱ ልቀቁልኝ ሲላቸው ነው። «ለሳምንት ብቻ፣ የኔ ልጅ» ብለው አንዲት ሻንጣ ይዘው ገቡ። ይኸው የካቲት ገባ። ሌላ ሰው ቤትሽ ከገባ አሳውቂ ተብላ ነበር፤ ዛሬ ነገ ስትል አላሳወቀችም። እንግዳ ደግሞ መቼ ነው የሚሄዱት ተብሎ አይጠየቅ ነገር! ያውም እሳቸው፣ እሷ ስደተኛ ሆና ስትመጣ ከአውሮፕላን ማረፊያ ተቀብለው ዓመት ሙሉ ፊታቸውን ሳያጠቁሩ ያኖሯት ሰው።

አሁን ግን ፈርታለች። ድጎማው ከተቋረጠ ኪራዩን በእሷ ደመወዝ ብቻ አትዘልቀውም፤ ኪራይ ያልከፈለ ቤት ይለቃል። የወሰድሽውን መልሺ ቢሏትስ? ፌበንን ይዛ ማን ሶፋ ላይ ልትወድቅ ነው?

ለጋሼ አድነው እውነቱን ልትነግራቸው አፏን ከፍታ ነበር። ይሉኝታ ያዛት። ብትነግራቸው በዚያችው ሰዓት ሻንጣቸውን አንስተው ይወጣሉ፤ የት እንደሚያድሩ እንኳ አይነግሯትም።

«ጋሼ፣ የልብስ ማጠቢያ ሰዓታችን ደርሷል» አለች በምትኩ። «የጋራውን ማሽን ሰው እንዳይወስድብን እታች ሆነው ይጠብቁልኛል?»

«አንቺ ብቻ እዘዢኝ!» ብለው ቅርጫቱን አንስተው በነጠላ ጫማ ወረዱ። ሰባ ዓመት ያለፋቸውን ሰው እንደ ሌባ ዕቃ ምድር ቤት ደበቀቻቸው። ራሷን ጠላች፤ ግን ደረጃው ላይ ኮቴያቸው እስኪጠፋ ጠብቃ ቢላዋውን አነሳች።

ሙጫው እንቢ ሲላት ትታው ገባች። ብርድ ልብሳቸውን ከሶፋው ሰበሰበች፤ ምላጫቸውን መሳቢያ ውስጥ፣ ጫማቸውን አልጋዋ ሥር ደበቀች። ከመስኮቱ ላይ ዳዊታቸውን ስታነሳ እጇ ከበዳት። በንጹሕ ፎጣ ጠቅልላ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጠችው።

አሁን ስልኳን ይዛ ተቀምጣለች። የሕንፃው መግቢያ በር በኮድ ነው የሚከፈተው፤ ሲደርሱ ይደውሉላታል፤ ወርዳ በሊፍት ታመጣቸዋለች፤ ወደ ምድር ቤቱ ዝር አይሉም። ደጋግማ አስባዋለች፤ ምንም አልዘነጋችም። ውጭ በረዶው ይወርዳል። ስልኩ ዝም ብሏል።

ሊፍቱ ይቆማል። የሴቶች ድምፅ ይሰማል፤ በመሃሉ ደግሞ የምታውቀው ሳል። የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ ነው። ውብነሽ ከመቀመጫዋ ትነሳለች። ደወሉን ትጠብቃለች፤ ደወል የለም። የሚዞረው ቁልፍ ነው።

«ቨልኮመን! ቨልኮመን!» በስዊድንኛ እንኳን ደህና መጣችሁ እያሉ ጋሼ አድነው በሩን ወለል አድርገው ከፍተው፣ በአንድ እጃቸው ባዶውን ቅርጫት አቅፈው፣ በሌላው ሁለት ሴቶችን ያስገባሉ። የሴቶቹ ትከሻ ላይ በረዶ አለ። «ውቤ፣ እንግዶችሽ እኮ ብርድ ላይ ቆመዋል! በማጠቢያው መስኮት አየኋቸው፤ ከፍቼ ብጠይቃቸው አንቺን ነው የሚሉት። ስልክ እስኪያወጡ እንዴት ቆመው ይቅሩ? በይ ቤት ያፈራውን አቅርቢ!»

አንደኛዋ ሴት ዓይኗ በሩ ላይ እንደተሰካ የቀረው ቁልፍ ላይ ያርፋል። ከዚያ ውብነሽን ታያለች። «እኚህ ሰው እዚህ ነው የሚኖሩት?» ትላለች በስዊድንኛ። ያው የጠዋቱ ለስላሳ ድምፅ ነው።

ጋሼ አድነው ቁልፋቸውን ሊነቅሉ ወደ በሩ ይዞራሉ። ስማቸው የነበረበትን ቦታ ያያሉ። በጣታቸው ሙጫውን ይነኩታል። የጫማ መደርደሪያው ላይ ረስታው የገባችውን ቢላዋ ያያሉ፤ ከጎኑ የራሳቸው ጫማ የለም። ፊታቸው ላይ የነበረው ሳቅ ቀስ ብሎ ይጠፋል። ውብነሽ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትወዳለች።

ቁልፉን ነቅለው ከቢላዋው አጠገብ ያስቀምጡታል።

«የለም» ይላሉ በስዊድንኛ፣ ቃሉን እየመረጡ። «እኔ እንግዳ ነኝ።»

ሴቶቹ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ያወልቃሉ። ጋሼ አድነው ግን ወደ ኋላ ተመልሰው፣ ከደፉ ወዲያ፣ ቅርጫታቸውን እንዳቀፉ ይቆማሉ። ከመስቀል ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ይግቡ እስክትላቸው ይጠብቃሉ።