የምሽጉ ኖራ

ግድግዳ የሰማውን መልሶ ማውራት ከጀመረ ወዲህ፣ ጡረተኛው መድፈኛ ወልደሩፋኤል ረፋዱን የሚያሳልፈው በባሕሩ ጠረፍ በተተወው የመድፍ ምሽግ፣ ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ነው። ሚስቱ አልጣሽ ትራሱ ላይ የምሽጉን ኖራ ባየች ቁጥር ቅናት ያንገበግባታል።

«ዛሬስ ያቺ ድሮ ምሽጉ ውስጥ አብራህ የነበረችው የሬዲዮ ሠራተኛ ምን አለችህ?»

«‹መርከብ የለም፣ ሻይ ጠጡ› አለች» አላት ፈገግ ብሎ። «ምሽጉ እኮ አንዴም ሳይተኩስ ነው የተዘጋው። ሥራችን ሳቅ ብቻ ነበር።»

እሱ ሲወጣ፣ ሠላሳ ዓመት አብረው የኖሩበት ሳሎን ግድግዳ ላይ እሷም ጆሮዋን ለጠፈች። የሰማችው የገዛ ድምፅዋን ነው፦ «ምሳ ቀርቧል... ምሳ ቀርቧል...» ሳቅ የሚባል ነገር የለም።

አልጣሽ ጉሮሮዋን ጠራረገች። ከዚያም ብቻዋን፣ ግድግዳው እንዲሰማት፣ ጮክ ብላ ሳቀች።