ደረቅ ቤት

ቤት ልትገዛ የመጣችውን ነርስ ደላላው ደጃፍ ላይ ሲጨብጣት፣ መዳፉ እንደ ቀንድ አውጣ ተሙለጨለጨባት። ስንቱን ቁስል ያጠበች ሴት፣ ይህን እጅ ግን ቶሎ ለቀቀችው። ሳሎኑ ደግሞ ቦይ ቦይ ይሸታል፤ ጣሪያው ላይ ነጫጭ ሻጋታ ተለጣጥፏል።

«እህቴ፣ እንዲህ ያለ ደረቅ ቤት በባትሪ ቢፈለግ አይገኝም» አላት።

«እሱን እንኳ ስልኬ ይንገረኝ» ብላ የጎርፍ ስጋት የሚያሳየውን አፕ ከፈተች። አፑ ያለችበትን ቦታ ፈልጎ ፈልጎ ሲያበቃ፣ «ተጨማሪ ስጋት የለም፤ ቤቱ እስከ ጣሪያው ሞልቷል» የሚል ጽሑፍ አወጣ።

«አላልኩሽም? የለም ይላል እኮ!» አለ ደላላው እየገለፈጠ። ድዱ ሥር አረንጓዴ ጭቃ ነገር ታያት።

ከቦርሳዋ ሶፍት መዝዛ የጨበጠችበትን እጅ ጣት በጣት ጠራረገችና፣ ሶፍቱን ጨማድዳ ወደ ወለሉ ጣለችው።

ሶፍቱ ግን አልወደቀም። ጉልበቷ አጠገብ ሲደርስ ቆመ፤ ጥቂት ተወዛወዘና ቀስ እያለ፣ በአፍንጫዋ ሥር አልፎ ወደ ላይ ወጣ።

ሄዶ ጣሪያው ላይ ሲለጠፍ በዓይኗ ተከተለችው። ሻጋታ የመሰላት ሁሉ፣ እጅ የተጠረገበት ጭምድድ ሶፍት ነበር።