ያሕያ ያዘጋጀው ሽርሽር

"ልጅሽንም ይዘሻት ነይ!" አላት ያሕያ፣ ጥርሱን ብልጭ አድርጎ።

እናናየሁ ክው አለች።

ጊዜው የጣሊያን ዘመን ነው... አገሩም ደብረ ብርሃን።

ባሏ ወልደ ሰንበት አርበኛ ሆኖ ዱር ከገባ ዓመት አልፎታል።

"የሽፍታ ሚስት" ስለተባለች ከከተማው ኬላ ማለፍ ክልክል ነው። ልጇን አዝላ ለአንድ ጣሊያን መሐንዲስ ምግብ እየሠራች ትኖራለች።

ያሕያ ደግሞ የአልዩ አምባ ጨው ነጋዴ ነበር። አሁን ለዚሁ ጣሊያን መንገድ መሪ ሆኗል። የሰፈሩ ሰው "ባንዳው" ነው የሚለው።

"ሲኞር ነገ ሽርሽር ሊወጣ ነው። በብስክሌት ይሄዳል፣ በጀልባ ይንሸራሸራል፣ የባላገር ምግብ ይበላል። ገንፎውን የምታገነፊለት አንቺ ነሽ።"

"ልጄስ ምን ልትሠራለት ነው?"

"አቦ አትከራከሪኝ! ለሁለታችሁም የኬላ ፈቃድ አስወጥቻለሁ።"

በማግስቱ ገና ከደጅ ስትወጣ ጎረቤቶቿ ጠበቋት።

"እናናዬ፣ ሽርሽር ነው አሉ!"

"ኧረ ተያት፣ ባሏ ዱር ለዱር ይንከራተት፣ እሷ ትንሸራሸር!"

አንገቷን ደፍታ አለፈች። ጆሮዋ ግን ጋለ...

መንገዱ ጉድ ነበር።

ቁልቁለት ሲሆን ጣሊያኑ ብስክሌቱ ላይ ሆኖ እየዘፈነ ይወርዳል። ዳገት ሲሆን ብስክሌቱ ያሕያ ትከሻ ላይ ይወጣል!

"ብራቮ ያሕያ!"

"ወላሂ ሲኞር፣ እንኳን ብስክሌቷን እርስዎንም እሸከማለሁ!"

ይስቃል... ላቡ እየተንጠባጠበ ይስቃል።

እናናየሁ በቅሎ ላይ ሆና አየችውና በልቧ "ሆዳም!" አለችው።

ክረምቱ የሞላው አንድ ኩሬ ዳር ሲደርሱ፣ በሌላ በቅሎ ተጭና የመጣችው የሸራ ጀልባ ተዘረጋች። ጣሊያኑ ሁሉም ይግባ አለ። እናናየሁ ልጇን አቅፋ ገባች። ቆለኛው ያሕያ ዋና አያውቅም፤ "ቢስሚላሂ" ብሎ ጠርዙን ሙጭጭ አድርጎ ያዘ።

መሀል ላይ ጣሊያኑ መቅዘፉን ትቶ ወደ ማዶ አመለከተ።

"ያ ጭስ... ምንድን ነው?"

"ምሳ የምንበላበት መንደር ነው ሲኞር!"

እናናየሁ ቀና ብላ አየች።

የእናቷ መንደር ነው!

ወልደ ሰንበት ከዱር ሲወጣ ጎራ የሚልባት መንደር... ምናልባት ዛሬም ያለባት መንደር!

"ባሌን ልታስይዝ ነው?" አለችው በሹክሹክታ።

"ፈገግ በይ፣ ሰውዬው እያየን ነው።"

"ሸጥኸው አይደል? ስንት ሰጡህ? አንተ ከርሳም!"

ያሕያ ለጣሊያኑ ሳቀለትና ቀስ ብሎ "ልጅሽን ደግፊ" አላት።

መንደሩ ጣሊያኑን በእልልታ ተቀበለው። ከዋርካው ሥር አስቀምጠው ጠላ ቀዱለት። ሴቶቹ ቀድመው ያገነፉት ገንፎ በቅቤና በበርበሬ ቀረበ። አንዴ ጎርሶ ዓይኑ እንባ ሲያቀር ሰዉ ሁሉ ሳቀ።

እናናየሁ ግን አንድ ነገር አስተዋለች... አንድም ሴት ዓይን ዓይኗን አላያትም።

ሮጣ ወደ እናቷ ወደ ወለተሐና ጆሮ ተጠጋች።

"እማዬ! ወልደ ሰንበት እዚህ ካለ ይሽሽ! ባንዳው መርቶ አመጣብን!"

እናቷ ትከሻዋን ያዝ አደረገቻት።

"ከእንግዲህስ... የትም አይሸሽም ልጄ።"

እጇን ይዛ ወደ ጓዳ አስገባቻት።

ጓዳው በሴቶች ተሞልቷል።

ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል።

ነጠላ የተዘቀዘቀበት ቤት ምን እንደሚያወራ ለአበሻ አይነገረውም... እናናየሁ አፏን ስትከፍት እናቷ በነጠላ አፈነቻት።

"ድምፅሽን ዋጪው ልጄ! ሰውዬው ደጅ ነው! መርዶ በማለዳ ነበር የሚነገረው፣ ወገን እኩል ተላቅሶ... ምን እናድርግ፣ ዘመኑ ማለዳ ነሳን።"

ባሏን ያለ ድምፅ አለቀሰችው።

ደጅ ጣሊያኑ ይስቃል... ጓዳ ውስጥ ሴቶቹ ደረታቸውን ያለ ድምፅ ይመታሉ።

ትንፋሿ ሲመለስ "ማን... ማን ቀበረው?" አለች።

እናቷ በግድግዳው ቀዳዳ ወደ ዋርካው አሳየቻት። ያሕያ ለጣሊያኑ ጠላ እየቀዳ ይስቃል።

"ያ ነው።"

"...ማን?"

"ባልሽ ቆስሎ ቆላ ወርዶ እሱ ቤት ተደበቀ። ሚስቱ ዙቤዳ ቁስሉን እያጠበች አስታመመችው። አልተረፈም። ያሕያ 'ክርስቲያን ነው፣ በክርስቲያን ደብር ይረፍ' ብሎ ሬሳውን በጨው ስልቻ ሸፍኖ በበቅሎ አመጣልን። ኬላ ላይ 'ጨው ነው ጌታዬ!' እያለ፣ እየሳቀ... ነገ አርባው ነው። 'ሚስቱና ልጁ ሳያለቅሱለት አርባው አይወጣም' አለ። እናንተን ከኬላ ለማውጣት ሌላ መላ ጠፋ። ሽርሽሩን ያመጣው እሱ ነው። ብስክሌቱም፣ ጀልባውም፣ ገንፎውም... ሁሉም ላንቺ ነው።"

እናናየሁ ፊቷን አበሰች። ማንቆርቆሪያ አንስታ ወጣች።

ጣሊያኑ ለሱ መስሎት እጁን ዘረጋ። አለፈችው።

ከማለዳ ጀምሮ እህል ያልቀመሰው ያሕያ ፊት በርከክ አለች።

"ታጠብ... ወንድሜ።"

ውኃውን አፈሰሰችለት።

"አብሽሪ እህቴ" አላት፣ እንዳቀረቀረ። "እኔማ ጀልባው ላይ ልነግርሽ ነበር... ብትጮኺብኝ ሁላችንም ማለቃችን ነው ብዬ ዋጥኩት።"

በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አልሳቀም።

ወዳጆቼ... ሰው ለማን እንደሚስቅ በዓይናችን እናያለን፤ ለማን እንደሚያለቅስ ግን አናይም። ስድባችን እውነቱን አይቅደመው።

እስቲ ንገሩኝ... እናንተ እናናየሁን ብትሆኑ፣ ጀልባው ላይ ለተናገራችሁት ቃል ያሕያን ምን ብላችሁ ይቅርታ ትጠይቁት ነበር? ኮሜንት ላይ አንድ መስመር ጻፉለት።