አርባ ደቂቃ

በግድግዳው ሰዓት ላይ የቀረው ስምንት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ነው። አንድ ለአንድ ናቸው፤ የያዙት ሦስተኛውንና የመጨረሻውን ጨዋታ ነው። ብሬት ዘጠኝ የሕይወት ነጥብ አለው፤ ጄኒን ስድስት። በብሬት ፊት «እቶን» የሚባለው ካርድ ተዘርግቷል። «ወናፍ» የሚባለው መጥቶ አጠገቡ ካረፈ ጄኒን እዚያው አለቀላት፤ ነጥብ መቁጠር አያስፈልግም። በጄኒን ፊት በየተራው ሁለት ነጥብ የምትነጥቅ አንዲት ቁራ አለች። በእጇ ደግሞ ተጋጣሚ የጣለውን የሚያስቀር ማገጃ ካርድ ይዛለች። አንድ ብቻ።

ሳይጨርሱ የሰዓቱ ደወል ከተመታ እኩል ወጡ ማለት ነው፤ ያኔ ብሬት በጠዋቱ ውጤት ወደ መጨረሻዎቹ ስምንት ተጫዋቾች ያልፋል። ጄኒን ወደ ቤቷ ትሄዳለች።

«ካርድ ነው የያዝሽው ወይስ እንቁላል ታቅፈሻል?» አለ ብሬት። ከጎናቸው ያሉት ሳቁ።

«ተራው ያንተ ነው» አለች ጥርሷን ነክሳ።

በአውስትራሊያዋ ባላራት ከተማ የካርድ ክለብ አንድ ዙር እስከ ዓምና ድረስ ሃምሳ ደቂቃ ነበር። እንደ ብሬት ካርድ ከካርድ ቀጣጥሎ በአንድ ጊዜ ለሚጨርስ ሃያም ይበቃዋል። እንደ ጄኒን እያገደ፣ እየጠበቀ፣ ጥቂት በጥቂት ለሚያሸንፍ ግን ደቂቃ ማለት እስትንፋስ ነው። ብሬት «አጋጆች ሰው አሰለቹ» የሚል ደብዳቤ ጽፎ ሰላሳ አንድ ፊርማ አሰባሰበ፤ ኮሚቴውም ዙሩን ወደ አርባ አወረደው። ሁለቱ አስራ አንድ ዓመት በአንድ መኪና ሜልቦርን ድረስ ለውድድር ተመላልሰዋል። ደብዳቤውን ግን ያየችው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈ በኋላ ነው።

ብሬት «ጎተራ»ን ጣለ። ከክምሩ ሦስት ካርድ የሚያስወጣ ካርድ ነው። ወናፉን ሊፈልግ ነው፣ አለች በሆዷ፤ ማገጃዋንም በሁለት ጣቷ ቆንጠጥ አድርጋ ያዘች። አንድ ካርድ ሲጣል ተጋጣሚ «ይለፍ» እስኪል መጠበቅ ደንብ ነው። ብሬት መች ጠብቆ ያውቃል!

«ጎተራ፣ ወናፍ፣ በቃ፣ አለቀ!» ሁለተኛውን ካርድ ከእቶኑ አጠገብ አሳርፎ እጁን ለመጨባበጥ ዘረጋ። «ጥሩ ተጫውተሻል፣ ጄኒዬ።»

«እጅህን ሰብስብ። ይለፍ አላልኩም።»

«ኧረ በናትሽ!»

«ዳኛ!»

ዳኛዋ ማሪካ መጣች። የሁለቱንም ቃል ሰማች፤ በአጠገቡ ጠረጴዛ ያሉትን ጠየቀች፤ ከዚያ ወደ ብሬት ዞረች።

«ይለፍ ብላሃለች?»

«ፊቷ እኮ…»

«ፊቷን አልጠየቅኩህም።»

ወናፉ ወደ እጁ እንዲመለስ፣ ጎተራው የጄኒንን መልስ እንዲጠብቅ ወሰነች። ክርክሩ ለፈጀው ሦስት ደቂቃ ሦስት ደቂቃ ጨመረችላቸው።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄ ነው። ጄኒን የከተማው ውሃ በሚመረመርበት ቤተ ሙከራ የምትሠራ ሴት ናት፤ አንዴ ያየችውን አትረሳም። ብሬት ወናፍ እየፈለገ አልነበረም፤ ይዞታል። ጎተራው ማጥመጃ ነበር፤ እሷም ልትነክሰው ለጥቂት ነው የቀረችው። ያዳናት የሱ ችኮላ እንጂ የራሷ ጥንቃቄ አለመሆኑ ከሁሉም በላይ አንገበገባት።

«ጎተራው ይለፍ» አለች።

ብሬት ሦስት ካርድ አወጣ። ማገጃ ቢኖራት ይሄን ታሳልፍ ነበር? እንዲያ ሳያስብ አልቀረም፤ ወናፉን እንደገና ጣለ።

«ታግዷል።»

ብሬት ወናፉን ከወደቁት ካርዶች ላይ ወረወረው። ስምንት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ቀርቷል። ቁራዋ አምስት ጊዜ መምታት አለባት።

«ቁራ። ሰባት ቀረህ። ያንተ ተራ።» አስር ሰከንድ አልፈጀባትም። በሕይወቷ እንዲህ ፈጥና ተጫውታ አታውቅም።

ብሬት ውሃ ጠጣ። በእጁ ያሉትን ካርዶች ከግራ ወደ ቀኝ ደረደረ፤ መልሶ ከቀኝ ወደ ግራ። እጇ ላይ ስንት ካርድ እንዳለ ጠየቃት፤ እያየው። አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ፈጀ።

«አምስት። ያንተ።»

የወደቁ ካርዶቹን አንድ በአንድ ቆጠረ። አንድ ደቂቃ ከሃምሳ።

«ሦስት። ያንተ።»

ብሬት አገጩን ይዞ ጣሪያ ጣሪያውን አየ።

«ተጫወት፣ ብሬት።»

«እያሰብኩ ነው።»

«አንተ? ማሰብ?»

«አስራ አንድ ዓመት ‹ረጋ በል፣ ረጋ በል› ስትይኝ አልነበር? ይኸው ረጋሁልሽ።»

ጄኒን እጇን አነሳች። ማሪካ መጥታ እጆቿን ወደኋላ አጣምራ ጥቂት ተመለከተች። ብሬትም ወዲያው አንድ የማይረባ ካርድ ጣለ።

«እየተጫወተ ነው እኮ፣ ጄኒን። ማሰብ አይከለከልም።»

«ዙሩን ያሳጠረው እሱ ነው! ፊርማ ያሰባሰበው እሱ ነው!» አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አያት።

«አውቃለሁ» አለች ማሪካ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እኔም ፈርሜያለሁ።»

የጄኒን ጆሮ ጋለ። ማሪካ ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ጄኒን ቁራዋን በጣቷ ወደፊት ገፋች።

«አንድ። ያንተ።»

ብሬት ከክምሩ አንድ ካርድ አነሳ። አየው። ከሌሎቹ ጋር ቀላቀለው፤ መልሶ ለየው። ወንበሩን አስተካከለ። ጄኒን ፊቱን አላየችም፤ ሰዓቱን ነበር የምታየው።

ደወሉ ተመታ።

ማሪካ የውጤት ወረቀቱን አምጥታ በመሃላቸው አስቀመጠች። እኩል፣ ይላል። ብሬት ቶሎ ፈረመ። ጄኒን እስክሪብቶውን ተቀብላ ከስሟ አጠገብ ፈረመች፤ ወረቀቱ ተቀደደ።

ብሬት በመጨረሻ ተራው አንድም ካርድ አልጣለም። ተራው ሁለት ደቂቃ ከአስር ሰከንድ ፈጅቷል። የቀረው ነጥብ አንድ ነበር።