ሰንሰለት ያላጠለቀው

መኮትኮቻው ሁለተኛ ጊዜ ሲያርፍበት እባቡ መንቀሳቀሱን ተወ። ላቮን ግን ለማንኛውም ብላ ሦስተኛ ጨመረችበት። ዓመት ያልሞላት ልጇ ዲሊ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ታጨበጭባለች።

«ገደልኩት እማማ! ከቤቱ ሥር ሊገባ ሲል ደረስኩበት!»

አማቷ እማማ ዩላ ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። የበረንዳውን ደረጃ በእግራቸው እየዳበሱ ወረዱ።

«እሰይ የኔ ጀግና! ባለፈው ሳምንት ውሻችንን ነድፎ የገደለው ነው? ጭራው ላይ ቃጭል አለው?»

«ቃጭሉን እንኳ አላየሁም። ግን መርዘኛ መሆኑ ያስታውቃል፤ ደረቅ ሣር የመሰለ፣ ነጠብጣብ በነጠብጣብ የሆነ፣ ሲያዩት የሚያስጠላ!»

የአሮጊቷ ፈገግታ ጠፋ። «ንጉሥ እባብ እንዳይሆን ብቻ።»

ላቮን ሳቀች። እሷን ስለ ንጉሥ እባብ ሊያስተምሯት! ጆርጂያ፣ አባቷ እርሻ ላይ፣ ንጉሥ እባብ ማለት ቤተኛ ነው። መርዝ የለውም፤ ጭራውን እያንቃጨለ የሚነድፈውን ባለ ቃጭሉን እባብ ሳይቀር ስለሚውጥ ማንም አይነካውም። አባቷ መንገድ ላይ ካገኘው ትራክተሩን አቁሞ፣ ክንዱ ላይ ጠምጥሞ ወስዶ የበቆሎ ጎተራው ሥር ይለቀው ነበር።

«እሱንማ በጨለማም አልስተውም እማማ። ከሰል የመሰለ ጥቁር ሆኖ፣ ከአንገት እስከ ጭራ ነጭ ሰንሰለት ያጠለቀ ነው። ይሄ ምን ሰንሰለት አለው?»

«ያ የእናንተ አገሩ ነው ልጄ። እዚህ አፓላቺኮላ ወንዝ ዳር አንዱ ሰፋፊ ቀለበት ይኖረዋል፣ አንዱ ምንም የለው። ከአንድ እናት እንቁላል ሁሉም ዓይነት ይፈለፈላል። የኔስ ልጆች አንዱ ቀይ፣ አንዱ ጠይም አይደሉ?»

ተንበርክከው በጣታቸው እባቡን ዳበሱት። የባለ ቃጭሉ ቆዳ ይሻክራል፤ ይሄኛው ለስላሳ ነው። ጣታቸው ወገቡ ላይ ደርሶ ቆመ። እዚያ አሮጌ ጠባሳ አለ።

«ባልሽ በልጅነቱ በብስክሌት የሄደበት ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ስንት ቀን አልቅሷል መሰለሽ። ከዚያ ወዲህ ከቤታችን ሥር አልጠፋም።»

ላቮን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። አባቷ ቢያይ ምን ይላት ነበር? «አላወቅኩም እማማ፤ ምን ላድርግ፣ አላወቅኩም» አለች።

«አይዞሽ፤ ያልነገርኩሽ እኔ ነኝ» አሉና ድንገት ቀና አሉ። «ቆይ፤ ከቤቱ ሥር ሊገባ ሲል ነው ያልሽኝ?»

«አዎ።»

«እንዲህ በጠራራ ፀሐይ ምን ሊውጥ?»

ላቮን መልስ ከመስጠቷ በፊት ከበረንዳው ጣውላ በታች፣ ልክ ልጅቷ ከተቀመጠችበት ሥር፣ ደረቅ አተር ቆርቆሮ ውስጥ ሲናጥ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ተነሣ።

ዲሊ ወደደችው። ደግማ አጨበጨበች።