የማዕዘኑ አፈር

«ይኼ አፈር ቤት አይሸከምም ብያለሁ!» አሉ እማማ ውበቴ። ከተቀመጡበት ዱካ ዳግመኛ ተነሥተው የመሠረቱ ቦይ አፋፍ ላይ ቆሙ።

ግንበኛው ስጦታው ከቦዩ ውስጥ ሆኖ ሳቀ። ከቆፈረው ቀይ አፈር ዘገን አደረገ፣ ከጆጉ ውኃ ጠብ አደረገበት፣ በመዳፎቹ መሐል አድቦለቦለና ሳበው። ተቆረጠ። «አዩ? ዋልካ ቢሆን እንደ ሊጥ ይሳብ ነበር። በክረምት አብጦ፣ በበጋ ተሰነጣጥቆ ግድግዳ የሚያፈርሰው እሱ ነው። ቢቸና ውስጥ እንዲህ ያለ መሬት ያገኘ ሰውማ ስለት ያስገባል።»

«አንተ ደግሞ! ቦታው ውኃ ያቁራል። እኔ ነኝ የኖርኩበት ወይስ አንተ?»

ለመሠረቱ የመጣውን ድንጋይ የምትከምረው ምራታቸው ብሩክታይት ቀና አለች። «እማማ፣ ክፍሉ እኮ ለእርስዎ ነው፤ ጉልበትዎ ከጓሮ ጎጆዎ መመላለሱን እምቢ ስላለ። ወልደ ሰንበትም ቆርቆሮ ፍለጋ ሞጣ ድረስ የሄደው ዝናቡ ሳይቀድመን ብሎ ነው።»

«ልጄስ ምን አስቸኮለው? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

ተረቱ ለራሳቸውም አልተዋጠላቸውም። ያስፈራቸው ውኃም ዋልካም አልነበረም፤ ከአሮጌው ቤት ግድግዳ ጋር የሚገናኘው፣ ገና ያልተቆፈረው ማዕዘን ነው። እዚያ የብሩክታይት የመጀመሪያ ልጅ አለች። ሰማንያ ቀን ሳይሞላት፣ ክርስትና ሳትነሣ ነበር የሞተችው። እናቲቱ በትኩሳት ራሷን ስታ፣ አባትየውም በሌለበት፣ እማማ ውበቴ በገዛ እጃቸው ቆፍረው ቀበሯት። ብሩክታይት ስትነቃ «የት አደረጓት?» አለቻቸው። በየቀኑ ቦታውን እያየች እንዳትብሰለሰል ፈሩላትና «ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ከወይራው ሥር» አሏት።

ክፉ አስበው አልነበረም። ብሩክታይት ግን አመነች። ይኸው ስንት ዓመቷ፣ ቤተ ክርስቲያን በሳመች ቁጥር ወይራው ሥር ትንበረከካለች። እሳቸውም ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው፣ እስክትነሣ ይጠብቃሉ።

ስጦታው ወደ ማዕዘኑ ተጠግቶ ዶማውን አነሣ።

«እሱን ተወው! ክፍሉ ይጥበብ! ለአንዲት አሮጊት አዳራሽ ምን ያደርግላታል?»

«ማዕዘን ሳይያዝ ቤት ይቆማል እንዴ፣ እማማ?»

ዶማው ያለ ድካም ሰጠመ። ስጦታው ጎንበስ ብሎ አፈሩን አነሣና ፊቱን ቋጠረ። የታችኛው ቀይ ከላይኛው ጥቁር ተደበላልቋል። «ይኼስ የተነካ ነው» አለ። «አንዴ ተቆፍሮ የተመለሰ አፈር ነው። የእህል ጉድጓድ ነበራችሁ? ለእህል እንኳ ጠባብ ነው። እስኪ ወረድ ልበልበት።»

እማማ ውበቴ ጉልበታቸውን ረስተው ቦዩ ውስጥ ወረዱ፤ ወረዱ ከማለት ወደቁ ማለት ይቀላል። የዶማውን እጀታ በሁለት እጃቸው ያዙ። «በማርያም ይዤሃለሁ! ልጅ አለችበት!»

ስጦታው ዶማውን ለቀቀላቸው። ብሩክታይት የያዘችውን ድንጋይ ቀስ ብላ አስቀመጠች። አማቷን አየች፣ ማዕዘኑን አየች። እማማ ውበቴ እርግማኗን ጠበቁ፤ እንድትጮህባቸው፣ እንድትመታቸውም ጭምር ፈለጉ።

«ወይራው ሥርስ?» አለች።

«ማንም የለም፣ ልጄ። ዋሸሁሽ።»

ብሩክታይት ወደ ቦዩ ወረደች። ስጦታው መንገድ ለቀቀላትና ባርኔጣውን አውልቆ ወጣ። ተንበርክካ መዳፏን ከተደበላለቀው አፈር ላይ አኖረች፤ እንዳይከብዳት የፈራች ይመስል ሳትጫን።

«ራሷ በየት በኩል ነው?»

እማማ ውበቴ የአሮጌውን ቤት ግድግዳ በአገጫቸው አመለከቱ።

«ወደ አልጋሽ። ባንቺ ራስጌ በኩል ነው ያስተኛኋት።»