በሰም ላይ የተጻፈ «መሰለኝ»

«ዝም በሉ!» ብሎ ጮኸ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ። አምስት መቶ አንዱ ፈራጆች ግን እንኳን ለእሱ ለነጎድጓድም ዝም የሚሉ አልነበሩም። ሳቃቸው ተራራ ቁልቁል ወርዶ ወደብ ላይ የቆሙትን መርከቦች ሸራ ሳይነፋ አልቀረም።

ያሳቃቸው በሰም የተለበጠው የእንጨት ሰሌዳ ነው። ጸሐፊው የምስክሮች ቃል እስከ ችሎቱ ቀን ታሽጎ የሚቀመጥበትን ማሰሮ ከፍቶ ያወጣው የምስክርነት ቃል እንዲህ ይል ነበር፦ «እኔ ሄጊያስ፣ የቤተ መቅደሱ የብር ጽዋ በጠፋበት በበዓሉ ሦስተኛ ቀን፣ ወንድሜ ፊሊስቆስ ከጧት እስከ ማታ ከእኔ ጋር የዋለ መሰለኝ።»

«መሰለኝ!» አለ ከፊት ወንበር በዕጣ ፈራጅነት የደረሰው አንድ ዓሣ ሻጭ ጉልበቱን እየመታ። «ዓሣዬን አሽትቶ ‹የገማ ይመስላል፤ ይግማ አይግማ ግን አላውቅም› እያለ ገበያዬን የዘጋብኝ ይኸው ሰውዬ አይደል!»

«ኧረ ሚስቱንም ‹ሚስቴ ትመስላለች› ነው አሉ የሚላት!» አለ ሌላው ከኋላ።

ሄጊያስ በምስክር መቆሚያው ላይ ጢሙን ጨብጦ ቆሟል። በአቴና ምድር እንደ እሱ ያለ ተጠራጣሪ ከእናቱ ማኅፀን ወጥቶ አያውቅም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአደባባዩ ዓምዶች ጥላ ሥር፣ «ማር ይጣፍጠናል እንጂ ጣፋጭ መሆኑን ማን ያውቃል? አትፍረዱ፤ ያኔ ልባችሁ እንደ ረጋ ባሕር ይተኛል» እያለ ሲያስተምር፣ ከሲሲሊና ከግብፅ የመጡ ጎረምሶች ዝንብ አፋቸው ውስጥ ጎጆ እስኪሠራ ድረስ አፋቸውን ከፍተው ይሰሙት ነበር። ቤቱ ሲቃጠል እንኳ «የሚቃጠል ይመስላል» ብሎ ሾርባውን ጨርሶ የተነሣ ሰው ነው።

ሰሌዳው ሲጻፍ ፊሊስቆስ ጉልበቱን ይዞ ለምኖት ነበር። «ጋሼ፣ ለዛሬ ብቻ ‹አውቃለሁ› በልልኝ።»

«አይዞህ፣ አንተ ደግሞ! የእውነተኛ ሰው ‹መሰለኝ› የሐሰተኛን ‹አውቃለሁ› ያስከነዳል። ፈራጅ ሲባል ይህ ይጠፋዋል?» አለና በሰሙ ላይ እንዲያ ብሎ አስጻፈ። ማሰሮው ታሸገ።

ፊሊስቆስ አሁን ከተከሳሽ መቆሚያ ሆኖ ያየዋል። የጣራ ሸክላ ጠጋኝ ነው። በዚያው ሰሞን የቤተ መቅደሱን ጣራ ሲጠግን ስለ ከረመ ጣት ሁሉ ወደ እሱ ተቀሰረ። ከወንድሙ በቀር ምስክር የለውም። ለቤተ መቅደስ ሌባ ደግሞ ሞት ብቻ አይበቃም፤ ሬሳው እንኳ ባገሩ አፈር አይገባም። የክርክሩን ጊዜ የሚለካው የውሃ ሰዓት ከላይኛው ማሰሮ ወደ ታችኛው ይንቆረቆራል።

«አውቃለሁ!» ብሎ ሄጊያስ በድንገት ጮኸ። «ከእኔ ጋር ነበር! ምስር አብረን በልተናል። አውቃለሁ!»

 ከዚያ ሳቁ ከፊተኛው በአሥር እጥፍ ፈነዳ።

«እልል በሉ፣ ዛሬ አወቀ!»

«ወንድም ሲታሰር ማን የማያውቅ አለ!» አለ ዓሣ ሻጩ፤ እሱ ግን አልሳቀም።

ጸሐፊው እጁን አነሣ። «የታሸገ ቃል አይጨመርበትም፣ አይቀነስበትም። ይህንኑ ታጸናለህ? ወይስ የመሐላው ድንጋይ ላይ ወጥተህ ‹አላውቅም› ብለህ ትምላለህ?»

ሄጊያስ ያንን ቀን ሊያስታውስ ዓይኑን ጨፈነ። ምስሩ ታየው። ሽንኩርት የሚልጠው ፊሊስቆስ ታየው። ቀኑስ? ሦስተኛው ነበር ወይስ ሁለተኛው? ሃያ ሁለት ዓመት እንደ ቡችላ አቅፎ ያጫወተው ጥርጣሬ ዛሬ ጥርስ አብቅሎ ነከሰው። ልቡ ሊረጋ ቀርቶ ደረቱን ሊሰብር ደረሰ።

«አጸናለሁ» አለ፤ ድምፁ ግን ከጢሙ አልፎ አልወጣም።

ውሃው አለቀ። ፈራጆቹ ተነሥተው ወደ ነሐሱ ጋን ተሰለፉ። እያንዳንዱ ሁለት ክብ የነሐስ ድምፅ መስጫ ይዟል፤ እምብርቱ የተበሳው ይገድላል፣ ድፍኑ ያድናል። እምብርቱን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ስለሚሸፍኑት ማን የቱን እንደሚጥል አይታይም። ሄጊያስ እነዚያን ጣቶች አንድ በአንድ ተከተላቸው። የማይታወቅ ነገር ሲያይ ላብ ሲያጠምቀው ይህ የመጀመሪያው ነው።

ድምፆቹ ተዘርግፈው በመቁጠሪያው ገበታ ላይ ተደረደሩ። የተበሱት ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞሉት፤ ድፍኖቹ አንድ ረድፍ እንኳ አልደረሱም።

ጠባቂዎቹ ሲመጡ ፊሊስቆስ ወደ ወንድሙ ዞረ። ቁጣ አልነበረበትም። ፊቱ መንገድ የጠፋበት ሰው ፊት ነበር።

«ጋሼ፣ እነሱን ተዋቸው። ለእኔ ብቻ ንገረኝ። ያን ቀን አብረን ነበርን አይደል? እኔም እኮ አሁን ተምታታብኝ።»

ሄጊያስ አፉን ከፈተ። ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ መንገድ ብቻ የተመላለሰ ምላስ ሌላ መንገድ አያውቅም።

«መሰለኝ» አለ።

ፊሊስቆስ ራሱን ነቀነቀ። ለጠባቂዎቹም ሳይጠይቁት ሁለት እጆቹን ዘረጋላቸው። ከጥፍሮቹ ሥር የቤተ መቅደሱ ጣራ ጭቃ ገና አልለቀቀም ነበር።